የሾፌሩ ግራ ዓይን

ሰኞ 3

ባለቤቴ ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ለመስማት ብዬ አይደለም፤ እጄን ከቀለም ልታጠብ ስሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «ምስኪን፣ ቀኑን ሙሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ይውላል። ማን ያየዋል ብለሽ ነው?» አለች።

ምስኪን። ግትር ብትለኝ፣ ምላሱ መርዝ ነው ብትለኝ አይከፋኝም ነበር፤ ሁለቱንም ነኝ። ምስኪን የሚባለው ግን ዝናብ የመታው ድመት ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ፊት ስስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የሲኒማ ማስታወቂያ በእጅ በሚሳልበት ዘመን የአንድ ተዋናይ አፍንጫ ብቻ እኔን ያህል ነበር፤ መሰላል ላይ ቆሜ አንድም ቀን አፍንጫ አላጣመምኩም። አሁን ማስታወቂያውን ማሽን ያትመዋል። እኔም ከፍሬም ሠሪው ጎን በተከራየኋት ክፍል ሰው ሲያዘኝ ፊት እስላለሁ፤ ሳያዘኝ ፊቴን አጨማድጄ እቀመጣለሁ።

ራት ላይ ልጄ የዘወትር ነገሯን ደገመች፤ «አባዬ፣ ኢንተርኔት ላይ አንድ ገጽ እንክፈትልህና ሥራህን ሰው ይየው።» እሺ አልኳት። ከዓመት በላይ እምቢ ስላት ስለኖርኩ ደነገጠች። እሺ ያልኩት በሰማሁት ነገር ምክንያት አይደለም።

ረቡዕ 5

የልጄ ትምህርት ተጀመረ። እሷ ድልድይ መሥራት የምትማር የምሕንድስና ተማሪ ናት፤ ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። የምትለውን በወረቀት ያዝኩት፣ በኋላ ለመሳቅ እንዲመቸኝ።

በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ይለጠፋል፤ ኪኒን ነው እንግዲህ። የቪዲዮው የመጀመሪያ ሦስት ሰከንድ ሰውን ካልያዘ ሰው አለፈ ማለት ነው። አንድ አፍንጫ ሁለት ቀን የሚፈጅብኝ ሰው በሦስት ሰከንድ ምን አሳያለሁ? ሳስነጥስ? ያለቀ ሥዕል ማንም አይፈልግም፤ የሚወደደው ሲሠራ ነው። ዳቦ ቤት ሊጥ ሲሸጥ አላየሁም ብላት «አባዬ፣ አሁን እሱንም ያያሉ» አለችኝ። ኮመንት ለጻፈ ሁሉ መልስ ይሰጣል፣ የጻፈው ሞኝ ቢሆንም። የመጨረሻው ትምህርት «ራስህን ሁን» የሚል ነው፤ ይህን ብላ ሸሚዝህን ቀይር አለችኝ።

ለምሳሌ ያሳየችኝ ማንን ነው? ባለ ሻርፑን። ሥዕል ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ነበር የምንቀመጠው። እጅ መሳል ስላቃተው የሚስለውን ሰው ሁሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ያስከትተው ነበር፤ መምህራችን «አንተ የምትስለው ሰው ሁሉ በረደው እንዴ?» ይሉት ነበር። ዛሬ ሰማንያ ሺህ ተከታይ አለው። በሙቀትም ሻርፑን አያወልቅም። የሚስለው አንዲት ሴት ብቻ ነው፤ ትልልቅ ዓይን፣ ጉንጯ ላይ አንዲት እንባ። አራት ዓመት ሙሉ አለቀሰች፣ እንባዋ ግን እስካሁን አንዲት ናት። ከሥሩ ሰዎች «ነፍሴን ነካኸው» ብለው ይጽፉለታል። የነሱ ነፍስ ደጃፍ ላይ ነው መሰለኝ የምትቀመጠው።

ገጼ አሥራ አራት ተከታይ አለው። አንዷ ባለቤቴ ናት።

ቅዳሜ 8

ዛሬ የምር ሥራ መጣ። ሲስተር ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል አገልግለው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ በዚህ ሰፈር እሳቸው ያልወጉት ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ፍሬም ሠሪው እንኳ፣ ጎልማሳ ሰውዬ፣ ሲያያቸው አሁንም ወገቡን ይሸፍናል።

ባላቸው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ዓምና ሞተ። ፊቱ የሚታይበት ፎቶ የመሥሪያ ቤት መታወቂያው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፣ ግማሽ ማኅተም ትከሻው ላይ አርፏል። ካሜራ የሚሸሽ ሰው ነበር አሉኝ፤ በሌሎቹ ፎቶዎች ሁሉ ወይ ጀርባውን ሰጥቷል ወይ ከሰው ኋላ ተደብቋል። የመታወቂያው ሰውዬ ደግሞ የሞተ ሳይሆን ገና ያልተወለደ ነው የሚመስለው።

በትልቁ እንድስለው ይፈልጋሉ፣ ቶሎ። ለምን ቶሎ እንደሆነ ስጠይቃቸው የሙቀት መጠን እንደሚነግር ሰው በረጋ ድምፅ ነገሩኝ። «ዓይኔ መሐሉ እየጠፋ ነው። ሐኪሙ ዝናቡ ሳያባራ ሁለቱም ይሄዳሉ ብሎኛል። ከዚያ በፊት አንዴ በትልቁ ልየው።»

ፎቶው ስለማይበቃ በየቅዳሜው እየመጡ ከኋላዬ ተቀምጠው ሊያርሙኝ ተስማማን። ከወጡ በኋላ ፍሬም ሠሪው መጣ። አፉ ሁልጊዜ በምስማር የተሞላ ነው፤ መናገር ሲፈልግ አንድ በአንድ እያወጣ መዳፉ ላይ ያስቀምጣል፣ ስለዚህ ብዙም አይናገርም። ዛሬ አወጣቸው። ሾፌሩን ያውቀዋል፤ እንጨት ፋብሪካ ሲሠራ አሥራ አንድ ዓመት በእሱ አውቶቡስ ተመላልሷል። «አደራ፣ ደህና አድርገህ ሳለው» አለኝና ምስማሮቹን መለሳቸው።

ማክሰኞ 11

ያለቀ ሥዕል ማንም አይፈልግም የተባለው ውሸት መሆኑን ላሳይ ብዬ ቀድሞ የሳልኩትን የአንድ ጫማ ሠሪ ምስል ለጠፍኩ። ሰባት ወር የለፋሁበት ነው። ዘጠኝ ሰው ወደደው። አንዱ ፍራሽ ሻጭ ነው፤ ከሥሩ የፍራሽ ማስታወቂያ ጻፈ። ልጄ መልስ ስጠው አለች። «እናመሰግናለን፣ ፍራሽ አለን» ብዬ ጻፍኩ። አሥራ ሁለት ሰው ሳቀ። ከሥዕሉ ፍራሹ በለጠ።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ቅዳሜ 15

ሲስተር መጡ። ከኋላዬ የሸራ መጠቅለያው ሣጥን ላይ ተቀምጠው ሟቹን ከራሳቸው ውስጥ እያወጡ ያቀብሉኛል። ግንባሩን አጥብበው፣ አገጩን ቀና አድርገው፣ ከንፈሩ እንዲህ አይንጠለጠልም። ከሦስት ሰዓት ሥራ በኋላ «ይሄ ጉበቱን የታመመ ሰው ነው» አሉ። «የኔ ባል አንድ ቀን እንኳ አልታመመም፤ ሞተ እንጂ።»

ልክ ናቸው። ጨርቄን አነሳሁ። ደንቤ ይህ ነው፤ የተሳሳተ ፊት አይጠጋገንም። አኳራጅ በሚባለው ቀለም ማቅጠኛ በራሰ ጨርቅ ከግንባር እስከ አገጭ ይጠረጋል፣ ቀለሙ ይለቃል፣ ሸራው ላይ ግራጫ ጥላ ይቀራል፣ አዲሱ ፊት በእሱ ላይ ይበቅላል። ጉበተኛውን በአንድ እጅ አሰናበትኩት።

ልጄ ጠዋት ስልኬን ማቆሚያ ላይ ሰክታ ሄዳ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲቀርጽ ዋለ።

ሰኞ 17

ሃያ ሁለት ሺህ ሰው።

ሥዕሉን አይደለም ያዩት፤ ጨርቁን ነው። ልጄ ሌላውን ሁሉ ጥላ የጠረግሁበትን ሃያ ሰከንድ ብቻ ቆርጣ ለጥፋዋለች። «ወይኔ» ይላሉ። «ለምን?» ይላሉ። «ሌላም ያጥፉልን» ይላሉ። አንዷ ሰባት ጊዜ እንዳየችው ጽፋለች፣ ሥራ የላትም። ሰው ሲሳል ማንም አልቆመም፤ ሲጠፋ ተሰለፉ። እስከ ዛሬ ሕዝብን የምንቀው በግምት ነበር፤ አሁን ማስረጃ አገኘሁ።

ዛሬ ስልኬን ደጋግሜ አየሁ። ሰዓት ለማየት ነው፤ የግድግዳው ሰዓት ባትሪ ጨርሷል።

ረቡዕ 19

ባለቤቴ ለእህቷ፦ «ሃያ ሺህ ሰው'ኮ ነው ያየው! እኔም ገርሞኛል።» ምስኪን አላለችም። እስክትጨርስ በሩ አጠገብ ቆየሁ። እጄ ንጹሕ ነበር።

ዓርብ 21

ባለ ሻርፑ ኮመንት ጻፈልኝ። ሁለት ቃል፤ «በርታ ወንድሜ።»

በርታ! በርታ የሚባለው መራመድ ለጀመረ ሕፃን ነው፣ ከአልጋ ለተነሣ በሽተኛ ነው። እኔን በርታ የሚል እጅ መሳል ይማርና ይምጣ። ወንድሜ ያለው ደግሞ የሱ ሰማንያ ሺህ ሰዎች ትሑት እንዲሉት ነው። መልስ ላለመስጠት ወሰንኩ። ከዚያ «እናመሰግናለን ወንድም» ብዬ ጻፍኩ። «ወንድም» ላይ «ዓለም» ጨመርኩ። አጠፋሁት። እንደገና ጨመርኩት። ይህ ሁሉ ሲሆን ብሩሼ ሳይታጠብ ደርቆ ቀረ።

ቅዳሜ 22

ሲስተር ዛሬ ዋናውን ነገር ሰጡኝ። «ግራ ዓይኑ ከቀኙ ትንሽ ይጠባል» አሉ። «ሠላሳ ዓመት የጎኑን መስተዋት ሲያይ የኖረ ዓይን ነው። ቤት ቁጭ ብሎ እንኳ ከኋላው የሚመጣ መኪና ያለ ይመስለዋል። ሳናግረው እኔን እያየ ከኋላዬም ያይ ነበር።»

ሠራሁት። ተጠግተው አዩ፣ ራቅ ብለው አዩ። «ቀርቧል፣ ዘመዱ ጋ ደርሰሃል» አሉ።

ጠረግሁት። «ምነው? ጥሩ ነበር'ኮ» አሉኝ። ፊት አይጠጋገንም አልኳቸው። ስልኩ እየቀረጸ ነበር፣ ግን ያው መጠረጉ አይቀርም ነበር። ሲወጡ የበሩን እጀታ ፈልገው ያገኙት በሁለተኛው ሙከራ ነው።

ሐሙስ 27

ቸኩያለሁ። የቅዳሜውን ጠረጋ ስድሳ ሺህ ሰው አየው። ተከታይ አሥራ ዘጠኝ ሺህ። ልጄ በሦስት ቀን አንድ ማጥፋት ያስፈልጋል ትላለች፤ ካልሆነ ይረሱሃል። የሚጠፋ ፊት መፈብረክ ጀመርኩ። ትናንት ከራሴ የፈጠርኩትን ሽማግሌ ስዬ ጠረግሁ። በጣም አለቀሱለት። ሞኞች።

የሾፌሩን አልነካሁም። ነገ።

ባለቤቴ የግድግዳውን ሰዓት ባትሪ ቀየረች።

ቅዳሜ 29

ሲስተር አልመጡም። ደረጃ ላይ ወድቀው እግራቸው አብጧል። ፍሬም ሠሪው ሊጠይቃቸው ሄዶ ነበር፤ ደረጃው ያለቀ መስሏቸው ነው አለኝ። ሲድኑ እመጣለሁ ብለዋል፤ እስከዚያ ይጨርሰው ብለዋል። ሳምንቱን ምን እንዳደረግሁበት እያሰብኩ አፈርኩ። ያስተማረችኝ ልጄ ናት ብዬ በእሷ ላላክክ አልችልም፤ ጨርቁን የምይዘው እኔ ነኝ።

ማክሰኞ 2

ዛሬ ስለ ሥዕል እጽፋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው። ሰው የለም። የመታወቂያውን ፎቶ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ያ ሰውዬ ምንም አያውቅም። ከዚያ የጺም መላጫ መስተዋቴን በግራ በኩል ሰቅዬ እንደ ሾፌር ተቀመጥኩ። ፊቴን ሳላዞር በመስተዋቱ በሩን አየሁ። አንድ ጊዜ፣ አሥር ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። የታችኛው የዓይን ቆብ የቱ ጋ እንደሚጠብቅ፣ ጉንጭ እንዴት ጥቂት ከፍ እንደሚል በገዛ ፊቴ ላይ አገኘሁት። የሚጠበው ዓይኑ አልነበረም፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ነው የሚነሣው። እስከ ዛሬ ዓይን ማጥበብ ነው ስል ከርሜያለሁ፣ ደደብ!

ተነሥቼ ያን ሥጋ በሁለት የብሩሽ ጭረት አነሣሁት። ሾፌሩም በትከሻዬ በኩል ወደ ኋላዬ አየ። እውነቴን ነው፣ ማን መጣ ብዬ ዞር አልኩ።

በኋላ የመጣው ፍሬም ሠሪው ነው፣ ማስመሪያ ሊዋስ። በሩ ላይ ቆመ። ምስማሮቹን ከአፉ አንድ በአንድ አወጣ፣ ሁሉንም። ሥዕሉን ትክ ብሎ እያየ በቀስታ «ወራጅ አለ» አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው ሲለው የነበረ ነው። ከዚያ አፍንጫውን በክንዱ ጠርጎ ማስመሪያውን ሳይወስድ ሄደ።

ሃያ ስድስት ዓመት ከሠራሁት ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ይህን በትሕትና መጻፍ አልችልበትም።

ማታ፦ ሥዕሉን ጠርጌዋለሁ። አገጩ ትንሽ ከብዶ ነበር። ፊት አይጠጋገንም።

ረቡዕ 3

ፍሬም ሠሪው ለማስመሪያው መጣ። ሸራውን አየ። «የታለ?» አለኝ። አገጩ ከብዶ ነበር አልኩት። «የማን አገጭ?» አለና ምስማሩን አፉ ውስጥ ከተተ።

ዓርብ 5

አይመጣም። ሥጋው የቱ ጋ እንደሚነሣ አውቃለሁ፣ መስተዋቱም ተሰቅሏል፣ ብሩሹም ያው ብሩሽ ነው። ትናንት ዓይኑ ጠበበና ሾፌሩ ይጠቅሰኝ ጀመር። ዛሬ ደግሞ እንቅልፍ የያዘው ሆነ፤ ይህን ሰው አውቶቡስ አላስነዳውም። ነገ ይመጣል።

ቅዳሜ 6

ሲስተር እግራቸው ተሽሏቸዋል፤ ዛሬ ልምጣ ወይ ብለው በፍሬም ሠሪው ላኩብኝ። አንድ ሳምንት ይታገሡኝ በላቸው አልኩት። «ለሳቸው ሳምንት ረጅም ነው» አለኝ። ሠዓሊው እኔ ነኝ አልኩት። ወይ እብሪት።

ሰኞ 8

ልጄ ስልኬ ሞልቶ ምንም አልይዝ ስላለ ስታጸዳው አንድ ቪዲዮ አገኘች። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። እኔ ከሸራው ፊት ቆሜያለሁ፣ የሚታየው ጀርባዬ ብቻ ነው፤ ቀኝ ክንዴ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይቋረጣል። «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። ምንም አይደለም አልኳት።

እውነቱን ልጻፈው። ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ ለማን ነው የምዋሸው? አገጩ ምንም አልሆነም ነበር። ፍሬም ሠሪው ከወጣ በኋላ ሥዕሉ ፊት ተቀምጬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምናልባት ለሩብ ሰዓት። ከዚያ አሰብኩ፤ ለጉበተኛው እንዲያ ካበዱ ይሄን ሕያው ሰው ስጠርገው ምን ይሆናሉ? ባለ ሻርፑ ሲያየው ምን ይሆናል? ይህን የመሰለ ፊት በጨርቅ የሚያጠፋ ሰው በርታ አይባልም። እጄ አንዴ አግኝቶታል፣ ነገ ይደግመዋል አልኩ። ስልኩን ከፈትኩ፣ ሸራው ፊት ቆምኩ፣ ከግንባር እስከ አገጭ ጠረግሁት። ዞር ስል ስልኩ ሞልቻለሁ ብሎ ቆሟል። የያዘው ጀርባዬን ነው። ፊቱን ራሴ ጋርጄዋለሁ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እናቴ ይህን ስትተርት ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ 10

ልጄ የጀርባዬን ቪዲዮ «ከፊቱ ምን አለ?» ብላ ለጥፋዋለች። ታሪኩን አታውቅም፤ አልነገርኳትም። ሦስት መቶ አሥር ሺህ ሰው አየው። ይገምታሉ፤ ራቁቷን ያለች ሴት ናት፣ እናቱ ናት፣ ባዶ ሸራ ነው። ባለ ሻርፑ «ጥልቅ ሥራ» ብሎ ጻፈ። ስለ ጀርባዬ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ፊት ሳልኩ፣ የታወቅሁት በጀርባዬ ሆነ።

ለመሳቅ ሞከርኩ። ባለቤቴ በስልክ ታወራ ነበር፤ ሳልቆም አለፍኩ።

ቅዳሜ 13

የሆነውን እንደሆነ ልጻፍ።

ሲስተር የፍሬም ሠሪውን ክንድ ይዘው መጡ። ሣጥናቸው ላይ ተቀመጡ። ሥዕሉን አስተካክዬ አቆምኩላቸው፤ ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ጠዋት የሠራሁት ነው፣ ጨዋ ሥራ ነው፣ ማንም ፎቶውን ያየ ሰው ይህ እሱ ነው ይላል። ሲስተር ግን የሚያዩት ከሥዕሉ ጎን ያለውን ግድግዳ ነበር። ያጡት መስሎኝ «ወደዚህ ነው ሲስተር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «አሁን እንዲህ ነው የማየው። ፊት ለፊት ያየሁት ይጠፋል፤ ጎን ጎኑን ካየሁ ጠርዙ ይመጣል።» አንገታቸውን ቀስ እያሉ ወዲያና ወዲህ አዞሩ። ኮሌታውን አገኙት። ጆሮውን አገኙት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቢሆን አሉ። ፊቱን ልይ ሲሉ ይሄዳል። ሐሙስ ዕለት ነው የጨለመው አሉኝ። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ያዩ ነበር ማለት ነው። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ እኔ ይታገሡኝ ብያለሁ።

«እንግዲህ አንተ ንገረኝ» አሉ። «ይመስላል?»

«ይመስላል» አልኩ።

ወደ ፍሬም ሠሪው ዞሩ፣ እሱንም በጎን እያዩ። «አንተስ? አንተ ታውቀዋለህ።»

ፍሬም ሠሪው ሥዕሉን አየ። እኔን አየ። ምስማሩን ከአፉ አላወጣም። ሲስተር ጠበቁት። ሠላሳ አንድ ዓመት በሽተኛ የደበቀውን ሲያዳምጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሁለተኛ አልጠየቁትም።

«አይመስልም ማለት ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። መስሎ ነበር አልኩ፣ ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ እግርዎን አሞዎት ቤት ሳሉ። እሱ ምስክር ነው አልኩ። በዚያው ቀን ራሴ አጠፋሁት።

«ለምን?»

«ሰው እንዲያየኝ።»

«አዩህ?»

«ሦስት መቶ አሥር ሺህ ሰው» አልኩ። ቁጥሩን በቃሌ መያዜ ያን ጊዜ አሳፈረኝ።

ሲስተር አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የምር ሊያውቅ ፈልጎ እንደሚጠይቅ ሰው ጠየቁኝ፤ «ከነሱ ውስጥ ባሌን የሚያውቅ አለ?»

መዳፋቸውን ዘረጉ። ፎቶውን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በጣታቸው ማኅተሙን ዳስሰው አረጋገጡና የመነጽር ማኅደራቸው ውስጥ ከተቱት፤ መነጽሩ ከውስጡ ወጥቷል፣ ከእንግዲህ አያስፈልጋቸውም። በሩ ላይ ፍሬም ሠሪው ሥዕሉስ ብሎ ጠየቃቸው።

«እሱ ጋ ይሁን» አሉ። «እያየው ይክረም።»

እሑድ 14

ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች፣ ጥፋቱ የሷ መስሏት። ያንቺ አይደለም አልኳት፤ አንቺ ስልክ ሰካሽ፣ ጨርቁን አላስያዝሽኝም። ገጹን ዝጊው አልኳት። ተከታዮችህን እንሰናበታቸው ወይ ብላ ጠየቀች። አይ።

ክረምቱን ሙሉ እነሱን ስንቅ ከረምኩ። ሰነፎች፣ ሞኞች፣ ነፍሳቸው ደጃፍ ላይ የምትቀመጥ። እነሱ ግን የሚወዱትን ነው ያዩት። የሚወደውን ለነሱ ብሎ ያጠፋው እኔ ነኝ። አፍሬያለሁ፤ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር፣ ሁሉንም ሰምታለች። ምስኪን አላለችኝም። ዛሬ ብትለኝ ዝም እላት ነበር።

ቅዳሜ 20

ሳምንቱን በሙሉ ያለ ፎቶ ሠራሁ። የስልኩ ማቆሚያ ላይ ብሩሽ ሳደርቅበት ከረምኩ፤ ለዚያ ደህና ነው። ፍሬም ሠሪው በየቀኑ ከሥራው መሐል ይመጣና የሲስተር ሣጥን ላይ ይቀመጣል። ሰኞ ምንም አላለም። ሐሙስ ምስማሩን አውጥቶ «ጆሮው ወደ ኋላ ነበር» አለና መለሰው። ጆሮውን ወደ ኋላ ወሰድኩት።

ዛሬ ጠዋት መስተዋቱን እንደገና ሰቀልኩ፤ እንደ ሾፌር ተቀመጥኩ፤ በሩን አየሁ። ከቀትር በኋላ ያን ሥጋ አነሣሁት። ይሄ ይመስለኛል፣ ግን ለኔ መምሰሉ ከእንግዲህ አይበቃም።

ፍሬም ሠሪው መጣ። አልተቀመጠም። ሸራው ፊት ቆሞ ቆየ። እኔም ከጎኑ ቆሜ አፉን ጠበቅሁ። የሦስት መቶ ሺህ ሰው ኮመንት ስጠብቅ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። እጁን ወደ አፉ አነሣ። አንዱን ምስማር ያዘ። ከዚያ ተወው፤ «ወራጅ አለ» ሳይል ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጨርቁን በአኳራጅ አራስኩት።